ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች፦ ስለ ሥራ መጀመሪያ፣ ስለ ብድርና ስለ ድጋፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በወረዳ ኮሪደር፣ በብድር ተቋም ወረፋ ላይ፣ ቡና ተፈልቶም ሲወራ የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው የአዲስ አበባን አሠራር የያዙ ናቸው። ክልል ላላችሁ የቢሮው ስም ሊለይ ይችላል እንጂ አካሄዱ ያን ያህል አይራራቅም።

ባዶ እጄን ነኝ። ከየት ልጀምር?

ከወረዳሽ። በየወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ። ብዙ ሰው እስካሁን «ጥቃቅን» ነው የሚለው፤ እንደዚያ ብለሽ ብትጠይቂም ይጠቁሙሻል። እዚያ ሥራ ፈላጊ ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ። ሥልጠናውም፣ መሸጫ ቦታውም፣ ለብድር የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤም የሚነሳው ከዚያ መዝገብ ነው። ያልተመዘገበች እናት የቱንም ያህል ብትቸገር ለቢሮው የለችም።

ስትሄጂ የነዋሪነት መታወቂያሽን፣ ፋይዳሽን (ብሔራዊ መታወቂያሽን) እና ጉርድ ፎቶ ያዢ። ፋይዳ ከሌለሽ አሁኑኑ ተመዝገቢ፤ በነፃ ነው፣ ባንኮችም ይጠይቁሻል። በዚያው መንገድሽ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትንም አንኳኪ። አንዳንድ ጊዜ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለእናቶች ድጋፍ ሲያመጡ ስም ዝርዝር የሚወስዱት ከዚያ ነው። የመዘገበሽን ባለሙያ ስምና የተመዘገብሽበትን ቀን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ «እንደዚህ ባለ ቀን እገሌ መዝግቦኝ ነበር» ስትይ ወሬው ሌላ ይሆናል።

ምን ዓይነት ሥራ ያዋጣኛል?

ይኼ ሁሌም የሚቀድም ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት «መቼ መቼ ነው የምሠራው?» የሚለው ይመለስ እላለሁ። ልጅ ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ከገንዘብ ይልቅ የሚያጥራት ሰዓት ነው። ባልና ሚስት በሚሠሩት ሱቅ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣል። አንቺ ጋ ሁለቱም አንቺው ነሽ። ስለዚህ ለጎረቤትሽ ያዋጣ ሥራ አንቺን ሊጥልሽ ይችላል።

ጀበና ቡናን እንይ። መነሻው ትንሽ ነው። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ፣ ጥቂት በርጩማ። ነገር ግን ከንጋት እስከ ምሽት አንድ ቦታ ያስቀምጥሻል። ልጅ ታሞ ሁለት ቀን ከቀረሽ ደንበኛሽ ማዶ ያለችውን ይለምዳል። ልጆችሽ ትምህርት ቤት ከገቡ ጥሩ ሥራ ነው። የሚድህ ልጅ ካለሽ ግን ፍምና የፈላ ውኃ ባለበት ቦታ መዋል አደጋ ነው፤ ጭሱም አለ።

እንጀራ ገበያ አያጣም። ሆቴልና ምግብ ቤት በየቀኑ ይረከባል። ችግሩ ሌላ ነው። ሊጡ ቀጠሮ አለው። መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛው ደግሞ ሰበብ አይሰማም። ጤፍ በአንድ ሳምንት ሲወደድ አንቺ ለሆቴሉ የተስማማሽበትን ዋጋ በአንድ ሳምንት መቀየር አትችይም። እንጀራ ውስጥ የምትገቢ ከሆነ ሁሉንም ለአንድ ሆቴል አትስጪ።

ትንሽ ልጅ ላላት እናት ምረጪ ብባል የምመርጥላት ባልትና ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ቶሎ አይበላሽም። ልጁ ሲተኛ ትለቅሚያለሽ፣ ሲነሳ ታቆሚያለሽ፣ ማታ ትቀጥያለሽ። ሽሮ በፆም ጊዜ በደንብ ይሄዳል። በርበሬ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ ይረክሳል፣ በዓል ሲቃረብ ይወደዳል፤ ያኔ ገዝታ ያስቀመጠች ታተርፋለች። ጉዳቱ ገንዘብሽን ማሰሩ ነው። ሰው ደግሞ «ምን ቀላቅለውበት ይሆን?» ብሎ ስለሚፈራ እምነት ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። በመሆኑም መጀመሪያ ለሚያውቁሽ ሰዎች፣ ቀብድ ተቀብለሽ፣ በትእዛዝ አዘጋጂ። ዛላው ሲቀነጠስ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሲደለዝ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል ጎረቤት ካየ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ጉሊት የዕለት ብር ያስገኛል፣ ቲማቲሙ ግን ነገን አይጠብቅሽም። ስፌትና ፀጉር ሥራ ሙያ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አጫጭር ሥልጠና ይሰጣሉ። ስትጨርሺ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትነሽ ወረቀቱን ያዢ፤ ቅጥርም ብድርም ስትጠይቂ ይረዳሻል። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩትም ለጀማሪዎች የንግድ አመራር ሥልጠና ይሰጣል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው በር አለ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ትመግባለች። ምግቡን የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው። ሰዓቱ ከልጅሽ የትምህርት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ክፍት ቦታ መኖሩን ወረዳሽን ጠይቂ።

ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል?

እውነቱን ለመናገር ብዙ ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከተማው በየወረዳው የሕፃናት ማቆያ እየከፈተ ነው። ቦታው ግን ቶሎ ይሞላል። ወረዳ ስትሄጂ ከብድሩ ጋር አብረሽ ጠይቂ፣ ተራ ያዢ።

እስከዚያው እናቶች ራሳቸው የፈጠሩት ዘዴ አለ። ሦስት አራት ሆነው ቀን ይከፋፈላሉ። ሰኞ የአንዷ ቤት ልጆቹ ሁሉ ይውላሉ፣ ማክሰኞ የሌላዋ። ያቺ ቀን ገቢ የለም፣ የቀሩት ቀናት ግን ሙሉ ናቸው። ስምምነቱን ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጉት፦ ምግብ ማን ያመጣል፣ ልጅ ቢታመም ለማን ይደወላል፣ ማታ ስንት ሰዓት ይወሰዳል። ትምህርት የደረሰ ልጅ ካለሽ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምገባው ቁርስና ምሳውን ያቀልልሻል። ይህን ወጪ መቀነስ ራሱ ካፒታል ነው።

ቤት የለኝም፣ መኪና የለኝም፣ መያዣ የሚሆን ምንም የለኝም። ማን ያበድረኛል?

አማራጭ አለ። ሁሉም ግን የየራሱ ጠባይ አለው።

የመጀመሪያው ማይክሮፋይናንስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ብድርና ቁጠባ አለ። አማራ ክልል የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። የኦሮሚያው ብድርና ቁጠባ ደግሞ ሲንቄ ባንክ ተብሏል። እንዲህ ያሉ ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በጠለፋ ዋስትና ነው። ጥቂት ሰዎች ቡድን ይመሠርታሉ፣ አንዷ ብትቸገር ሌሎቹ ይከፍላሉ። ወይም ደሞዝተኛ ዋስ ታቀርቢያለሽ። በሁለቱም መንገድ አስቀድሞ መቆጠብ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ብድር የምትፈልጊው ዘንድሮ ከሆነ ቁጠባው ዛሬ ይጀመር።

ስለ ቡድኑ አንድ ነገር ልበል። ጓደኛሽን ሁሉ አትሰብስቢ። ችግር ሲገጥማት የምትደበቅ ሴት አለች፤ ችግር ሲገጥማት መጥታ የምትናገርም አለች። ሁለተኛዋን ምረጪ፣ ብትጣሉም።

ሁለተኛው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባል ትሆኛለሽ፣ ዕጣ (የማኅበሩን ድርሻ) ትገዣለሽ፣ በየወሩ ትቆጥቢያለሽ፣ ከዚያ የቁጠባሽን የተወሰነ እጥፍ ትበደሪያለሽ። ዘገምተኛ ነው። ግን ሰዎቹ ያውቁሻል፣ ጉዳይሽንም ቁጭ ብለው ይሰሙሻል።

ከዚህም ያነሰው የራስ አገዝ ቡድን ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው ትንሽ ትንሽ ብር ያስቀምጣሉ፣ ከዚያው ይበዳደራሉ። የመጀመሪያው ብድር አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ቢገዛ ነው። ሆኖም የመክፈል ልምድ የሚያዘው እዚያ ነው፣ በትንሹ።

ባንክ ከፈለግሽ እናት ባንክ አለ። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በሴቶች መሥራችነት ነው። መያዣ ለሌላቸው ሴቶች በጎ ፈቃደኞች ባስቀመጡት ገንዘብ ዋስትና የሚያበድርበት አሠራርም አለው። ንግድሽ ሲያድግ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ፣ ቁጥር 1147/2011፣ ያግዝሻል። የስፌት መኪና፣ ፍሪጅ፣ ከብት ጭምር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። የሚያስፈልግሽ ማሽን ብቻ ከሆነ እንደ አዲስና ዋልያ ያሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች ማሽኑን ገዝተው በሊዝ ይሰጣሉ። ከፍለሽ ስትጨርሺ ያንቺ ይሆናል።

በስልክ የሚገኙም አሉ። ቴሌብር መላ አንዱ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ ኪያ ደግሞ ለሴቶች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ወረፋም መያዣም የላቸውም። የመክፈያ ጊዜያቸው ግን አጭር ነው። ዛሬ ገዝተሽ በሳምንት ውስጥ ለምትሸጪው ዕቃ ይሆናሉ። የቤት ኪራይ ለመክፈል ወይም ማሽን ለመግዛት ከወሰድሽው ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ።

«ወለዱ 15 በመቶ ነው» ብለውኛል። ይወደዳል?

መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፦ «አሰላሉ እየቀነሰ የሚሄድ ነው ወይስ ቋሚ?»

50,000 ብር ለአንድ ዓመት ወስደሽ በየወሩ ትከፍያለሽ እንበል። አሰላሉ ቋሚ ከሆነ ወለዱ 7,500 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያሽ 4,513 ብር አካባቢ ይሆናል፣ የዓመቱ ወለድም ወደ 4,155 ብር ይወርዳል። ሁለቱም «15 በመቶ» ናቸው። ልዩነቱ ግን ከ3,300 ብር በላይ ነው፤ ለልጅ ጫማና ደብተር ይበቃል።

የአገልግሎት ክፍያ ስንት ነው፣ ከብድሩ ተቆርጦ የሚቀር ቁጠባ አለ ወይ፣ የብድር ሕይወት ኢንሹራንስ አለው ወይ ብለሽም ጠይቂ። የመጨረሻው በተለይ አንቺን ይመለከታል። አንቺ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ዕዳው ወደ ልጆችሽና ወደ ዋሶችሽ እንዳይዞር የሚከላከለው እሱ ነው።

ሙስሊም ነኝ፣ ወለድ አልፈልግም።

ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ናቸው። ሌሎች ባንኮችም የተለየ መስኮት አላቸው። የተለመደው ሙራባሃ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮሽ በክፍያ ይሸጥልሻል። ጥሬ ገንዘብ እጅሽ አይገባም። ስለዚህ ምን ዕቃ፣ ከማን፣ በስንት እንደምትገዢ የዋጋ ማቅረቢያ ይዘሽ ነው የምትሄጂው።

እቁብ ይሻላል ወይስ ብድር?

ለመጀመሪያው ካፒታል እቁብ። ወለድ የለውም፣ ሰዉ ያውቅሻል፣ መክፈል ስላለብሽም ትቆጥቢያለሽ። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣልሽ ግን ዋስ ትጠሪያለሽ፤ ዋስ የሚሆንሽን ሰው እቁቡ ሳይጀመር አነጋግሪ። ሌላው ጥንቃቄ መጠኑ ነው። የዕለት እቁብ የምትጥዪ ከሆነ በደካማ ቀንሽ የምታገኚውን ሒሳብ እንጂ በበዓል ዋዜማ የምታገኚውን አታስቢ።

መታወቂያዬ «ያገባች» ይላል፣ እኔ ግን ለብቻዬ ነኝ። ብድሩን «ባልሽ ይፈርም» ብለው መለሱኝ።

ይህ ብዙ እናቶችን ያንገላታ ጉዳይ ነው። አበዳሪው ተንኮል አስቦ አይደለም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረትና የተገባ ዕዳ የጋራ ሊሆን ስለሚችል ነው ፊርማ የሚጠይቀው።

ጨርሶ ካላገባሽ ከወሳኝ ኩነት ያላገባ ማስረጃ አውጪ። በፍርድ ቤት ተፋተሽ ከሆነ ውሳኔውን ይዘሽ ፍቺውን አስመዝግቢ፣ ከዚያ መታወቂያሽን አስቀይሪ። ባልሽ ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እግረ መንገድሽን ጡረታውንም አጣሪ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ቢሆን እንኳ መዋጮ ይቆረጥለት ከነበረ ለሚስትና ለልጆች የተተኪ አበል ሊኖር ይችላል።

አስቸጋሪው ባል ጥሎ ሄዶ ፍቺ ሳይፈጸም ዓመታት ያለፉ ጊዜ ነው። በሕግ ፊት አሁንም ባለትዳር ነሽ። ብዙዎች «ተዪው፣ ምን ያደርግልኛል» ብለው ይተዉታል። አንድ ቀን ንግዱ ሲያድግ ሰውዬው ብቅ ብሎ «የጋራ ነው» ሊል እንደሚችል አስቢ። ንግዱ ትልቅ ከመሆኑ በፊት ፍቺውን ጨርሺ።

ሴፍቲኔት ውስጥ መግባት እችላለሁ?

የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ነው የተጀመረው። የሚመለምለው የሰፈር ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ኑሮሽን ማወቁ ይጠቅማል፤ ችግርን መደበቅ እዚህ ጋ ይጎዳል። የተመረጡት በአካባቢ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ይሠራሉ፣ ክፍያቸው በባንክ ይገባል፣ ከክፍያው የተወሰነውን ይቆጥባሉ። መጨረሻ ላይ ሠልጥነው የንግድ ዕቅድ ላቀረቡ የማይመለስ መነሻ ገንዘብ ይሰጣል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራው ነፃ ሆና ድጋፉን የምታገኝበት አሠራር አለ። ምልመላው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ወረዳሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይንሽን ጣል አድርጊ።

ዕቅዱን ስትጽፊ ባልደረባሽ የጻፈችውን አትቅጂ። አንድ ሰፈር ውስጥ ሃያ ሴት ዶሮ እርባታ ጀምራ በሁዳዴ ዕንቁላል የሚገዛ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

«በማኅበር ተደራጂ» ይሉኛል። ግድ ነው?

ግድ አይደለም፣ በግልም መመዝገብ ይቻላል። ሼድ (መንግሥት የሚያዘጋጀው የመሥሪያ ቦታ) እና የመንግሥት ግዢ የመሳሰሉት ግን ለተደራጁ ይቀላሉ። በማኅበር ከገባሽ መተዳደሪያ ደንቡን ሳታነቢ አትፈርሚ። በተለይ ልጅ ሲታመም የቀረች አባል ምን እንደምትሆን፣ ስትወጣም ድርሻዋን እንዴት እንደምትወስድ ተጽፎ ይሁን። እናቶች ከማኅበር የሚወጡት ብዙ ጊዜ በገንዘብ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። «እሷ ሁልጊዜ ትቀራለች» በሚል ነው።

ንግድ ፈቃድ ካወጣሁ ግብር አይበላኝም?

ፍርሃቱ ይገባኛል። ያለ ፈቃድ ግን ሼድ የለም፣ የብድር አማራጭሽም ይጠባል፤ ደንብ አስከባሪ ዕቃሽን ቢወስድም የምታሳዪው ነገር አይኖርሽም። መጀመሪያ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ታወጫለሽ፣ ከዚያ ንግድ ምዝገባና ፈቃድ። ምግብ ላይ ከሆንሽ የጤና ምርመራ ካርድም ይጠየቃል።

የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ የግብር ከፋይ ደረጃዎቹ ተቀይረዋል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ግብር የከፈለች ጓደኛሽ የምትነግርሽን አትመኚ፣ የራስሽን ደረጃ ከወረዳው ገቢዎች ጠይቂ። የዕለት ሽያጭሽን ሲጠይቁሽ ለመኩራራት ብለሽ አታጋንኚ፣ ለማምለጥም አትዋሺ፤ ደብተርሽን አሳዪ። ሥራውን ካቆምሽ ደግሞ ፈቃዱን መልሺ። ሱቁ ተዘግቶ ፈቃዱ ካልተመለሰ ግብሩ ይቆጥራል።

ቀኑን ሙሉ እሸጣለሁ፣ ማታ እጄ ላይ ምንም የለም። የት ነው የሚሄደው?

በጀበና ቡና እናስላው። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው። በቀን 60 ሲኒ፣ ሲኒው በ20 ብር፣ ሽያጩ 1,200 ብር። ለቡና፣ ለስኳር፣ ለከሰል፣ ለውኃና ለፈንዲሻ 550 ወጣ እንበል። ለቦታ ኪራይ በቀን 100። የቀረው 550 ነው። አሁን እንቀጥል። ከስልሳው ሲኒ ስምንቱ በዱቤ ነው፤ 160 ብር ገና አልገባም። ጠዋት ለልጅ ዳቦ 60 ብር ከሳጥኑ ወጥቷል። የዕለት እቁብ 150። ማታ 180 ብር ታገኚያለሽ፣ «ቀኑን ሙሉ ለፍቼ» ትያለሽ። ገንዘቡ ግን አልጠፋም፣ ተቀላቅሎ ነው።

መፍትሔው ለራስሽ ደሞዝ መቁረጥ ነው። ለምሳሌ በቀን 250 ብር። የልጅ ዳቦ፣ ታክሲ፣ አስቤዛ ሁሉ ከዚያ ይወጣል፤ ከሳጥኑ አይነካም። የንግዱ ቦርሳ ለብቻ፣ የቤቱ ቦርሳ ለብቻ። ደሞዝሽ ካልበቃሽ ችግሩ የሽያጭ ወይም የዋጋ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ቢያንስ ችግሩን ታውቂዋለሽ።

ዱቤን ጨርሶ አልሰጥም ማለት በሰፈር አይቻልም። ጣሪያ ግን ይኑረው። አንድ ደንበኛ አምስት ሲኒ ላይ ሲደርስ «ወንድም፣ የቀድሞውን ዝጋልኝና እቀዳልሃለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ስታፍሪ ደብተሩ ይናገርልሽ፤ እሱ እያየ ጻፊው። ሒሳብም በቴሌብር መቀበል ልመጂ፤ ለብድር ስትሄጂ የገቢሽ ማስረጃ ይሆንሻል።

የልጄ አባት ምንም አይረዳም። ይህ ከንግድ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። የንግድሽን ካፒታል በየወሩ የሚበላው የልጁ ወጪ ነው፤ ያ ወጪ ደግሞ በሕግ የሁለታችሁ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይጥላል። ተጋብታችሁ ባታውቁም የልጁ አባትነት ከተረጋገጠ ግዴታው አለ። ደሞዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከደሞዙ እንዲቆረጥ ማዘዝ ይችላል።

የዳኝነት መክፈል ካልቻልሽ በደሃ ደንብ ክስ መክፈት ትችያለሽ፤ የቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት አስቀድመሽ አውጪ። እናት ብቻዋን ቀርባ ማስመዝገብ ትችላለች፣ «አባቱ ካልመጣ» የሚልሽን አትስሚ።

ከዐረብ አገር ልጅ ይዤ ተመለስኩ። ወረቀትም ገንዘብም የለኝም።

እንኳን በሰላም ገባሽ። ወረቀቱ ይቀድማል። ሊሴ ፓሴም (በፓስፖርት ፋንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ቢሆን የገባሽበትን ሰነድ አትጣዪው፤ ወረዳ ላይ ተመላሽ መሆንሽን የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የልጁ ልደት ምዝገባ። ተመላሾች በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በተለየ ዝርዝር ይያዛሉ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትም ለተወሰኑ ተመላሾች መቋቋሚያ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ በጥሬ ብር ሳይሆን በዕቃ ነው። ዐረብ አገር ያበሰልሽው፣ ያጠብሽው፣ ሕፃን ያሳደግሽው ሁሉ ሙያ ነው፤ ተመዝነሽ ሲኦሲ ልታወጪበት ትችያለሽ። ዘመድ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ቢል ዝም በይው።

«ብድር እናስጨርስልሻለን» የሚል ሰው አገኘሁ። ልመነው?

አትመኚው። የወረዳ ፎርም አይሸጥም። ለእናቶች ከውጭ የመጣ እርዳታ አለ ብሎ በቴሌግራም «መመዝገቢያ» የሚያስከፍል ሌባ ነው። የባንክ የሚስጥር ቁጥር ወይም በስልክ የተላከልሽን ኮድ የሚጠይቅም እንደዚያው። በስምሽ ተበድረሽ ለሌላ ሰው እንድትሰጪ የምትጠይቅሽ ዘመድም ብትሆን መልሱ አይሆንም ነው።

ከስሬ መክፈል ቢያቅተኝስ?

ቀኑ ሳያልፍ ሂጂ። አበዳሪዎች መክፈያ ጊዜ የሚያራዝሙት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው። ስልክ ከዘጋሽ ግን ዋሶችሽ ቤት ይኬዳል። ያልቻልሽውን ሙሉ ክፍያ ባትከፍዪም የቻልሽውን ክፈዪና ደረሰኝ ያዢ። አንዱን ዕዳ ለመዝጋት ከአራጣ አበዳሪ አትውሰጂ።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ሦስት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እህት አለችኝ። በየወሩ ትንሽ ከመላክ የተሻለ መንገድ አለ?

ወርሃዊውን በአንዴ አታቋርጡ። ልጆቹ የሚበሉት እሱን ነው፤ እሱ ከቆመ አዲሱ ንግድ ሳያድግ ይበላል። ለንግዱ የምትልኩት ለብቻው ይሁን፣ ልዩነቱንም ንገሯት። አንዴ የተጠየቀውን ሁሉ ከመላክ በሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ላኩ። መጀመሪያ ለዕቃ፣ ሁለተኛው ሽያጩ ሲታይ፣ ሦስተኛው ለቁጠባ። ሥራውን እሷ ትምረጥ። አሜሪካ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ «ካፌ ክፈቺ» ማለት ቀላል ነው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ዘግታ ወደ ልጆቿ የምትሮጠው ግን እሷ ናት።

ማሽን ከውጭ መላክ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የጉምሩኩ ጣጣ አለ፣ ሲበላሽ መለዋወጫ ላይገኝ ይችላል። የስፌት መኪናውን መርካቶ ገዝታ እዚያው ጠጋኙን ብትተዋወቅ ይሻላል። ገንዘቡን በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ በኩል በራሷ ስም ወዳለ ሒሳብ ላኩ። ለአጎት ልጅ ወይም ለጎረቤት አትላኩላት። በሒሳቧ የገባና የወጣው ገንዘብ ነገ አበዳሪ ፊት ስትቆም የምታሳየው የገንዘብ እንቅስቃሴ ይሆናታል።